ጳጉሜን የማያውቀው ከርነል

አንድ ልማድ አለኝ፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ኮምፒውተር ላይ ኖትቡክ ከፍቼ ሥራ ስጀምር፣ የመጀመሪያዋን ሴል ከማስኬዴ በፊት በገጹ ቀኝ ጥግ ከላይ የተጻፈችውን ትንሽ ስም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቢሮው በሰው ቢሞላም አነባለሁ። አንዳንዶቹ ጸሎት ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ አዲስ ላፕቶፕ ሰጠኝ። ለመሞከር ያህል አንድ የቆየ ኖትቡክ ከፈትኩና ልማዴን ረስቼ የማስኬጃዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ጥጉ ላይ ከርነል እየመረጠ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መረጠ፣ በቃ። እኔን ማን ጠይቆኝ። ወዲያው መልሱ ከነሰንጠረዡ ቁጭ አለ። አጠገቤ የምትቀመጠው አዲስ ተቀጣሪ ይህን አይታ፣ ራሱ መምረጡ እንዴት ደስ እንደሚል፣ እሷ በተማረችበት ቦታ ሁልጊዜ እየጠየቀ ያሰለቻቸው እንደነበር ነገረችኝ። እኔን ግን የሳሙና ሽታ ሸተተኝ። ያውም በረኪና የተቀላቀለበት፣ እጅ የሚያሳክክ የልብስ ሳሙና።

ለምን እንደሸተተኝ ለመናገር መጀመሪያ ይህ ከርነል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። ኖትቡክ ማለት በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለ የኮምፒውተር ገጽ ነው፤ ሳጥኖቹን ሴል እንላቸዋለን። ሴሉ ውስጥ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ታስኬዱታላችሁ፣ መልሱ ከሥሩ ይወጣል። ገጹ ራሱ ግን ማስላት አይችልም። ከጀርባው ሆኖ የሚያሰላለት ሌላ አለ፤ ከርነል የሚባለው እሱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትም ሦስትም ከርነል ሊኖር ይችላል፤ አንዱ የተማረውን ሌላው ላይማር ይችላል። ገጹ ያው፣ ትእዛዙም ያው ሆኖ፣ የሚያሰላው ሲለያይ መልሱም ይለያያል። ይህን ያህል ካወቃችሁ ይበቃችኋል። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከዚህ ብዙም የበለጠ አላውቅም ነበር፤ አውቃለሁ ብዬ ግን አምን ነበር።

ያኔ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ከእናቴ ጋር ኮልፌ እኖር ነበር። ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዘን፣ ፌርማታው ላይ ወርደን፣ አቀበቷን ስንወጣ ያለው ሰፈር ነው። በክረምት ያቺ አቀበት ጫማ ትነጥቃለች። መታጠፊያው ላይ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ላስቲክ ወጥረው ተጠልለው ይቀመጡ ነበር። ሥራ ስፈልግ ውዬ ስመለስ አንድ ጥብስ ገዝቼ ለሁለት እሰብረዋለሁ፤ ግማሹን እየፈለፈልኩ፣ ግማሹን ለእናቴ በወረቀት ጠቅልዬ አቀበቱን እወጣለሁ። ሰማዩ እንዲያ እየዘነበ፣ መንገዱ ወንዝ ሆኖ፣ የቤታችን ቧንቧ ግን ደረቅ ነበር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ የተባለለትን ቀን አያከብርም፤ አንዳንዴ በሰባት ቀን፣ አንዳንዴ በአስራ አንድ ቀን ብቅ ይላል። ሰው ሁሉ በበርሜልና በጀሪካን እያጠራቀመ ይኖራል። ውሃ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ውስጥ ሰላምታ እንኳ የለም፤ የባልዲ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ይህን ነገር ከማንም በላይ የሚከታተሉ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩን። አንደኛው ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ በመንገድ ቀያሽነት ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ። ውሃ የመጣበትን ቀን ሁሉ በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ለምን እንደሚጽፉ ብጠይቃቸው፣ ባልተጻፈ ነገር መከራከር እንደማይወዱ ነገሩኝ። ሁለተኛዋ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ ከእኛ ግቢ ጀርባ የሚኖሩ ልብስ አጣቢ። ጋቢ ሲጨምቁ አንድ ጠብታ አይቀርበትም። ምላሳቸው ይናደፋል፣ ልባቸው ግን የዋህ ነው፤ አንዴ ያመኑትን ሰው ሁለተኛ አይጠይቁም።

በዚያ ዓመት እትዬ ጥሩነሽ ከፍቷቸው ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ማሽን ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ተከፍቶ፣ የዓመታት ደንበኞቻቸው በፌስታል ልብሳቸውን ይዘው በደጃቸው ያልፉ ጀመር። ሰላም ብለው ያልፋሉ፤ እሳቸውን ያበገናቸው ይሄ ሰላምታ ነበር። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ነገር ተገኘ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሩት ከቁልቁለቱ ሥር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። መዘምራኑ በመስከረም መጀመሪያ ጉባኤ ስላለባቸው ሠላሳ ነጭ ልብሳቸውን የሚያጥብ ሰው ፈለጉ። እኔ እትዬ ጥሩነሽን ጠቆምኩ። ሥራቸው ከተወደደ በየወሩ የመዘምራኑን ልብስ የሚያጥቡት እሳቸው እንዲሆኑ ተነጋገሩ። ቋሚ ሥራ ማለት ነው። ያን ቀን እትዬ ጥሩነሽ ደጃቸው ላይ ቆመው፣ ማርያም የጴንጤ ልብስ ታሳጥበኝ ጀመር ብለው እየሳቁ ነገሩኝ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ነበር።

የእኔ ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ፈት ስለነበርኩ የጋሽ ወርቁን ደብተር ለምኜ የሦስት ዓመቱን ቀን ሁሉ ወደ ኖትቡክ አስገብቼ ነበር፤ ውሃ መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ እንዲነግረኝ። የመጀመሪያው ችግር የዘመን አቆጣጠራችን ሆነ። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የመጣው ከርነል፣ ቤዝ የሚሉት፣ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ስለዚህ ጦር ኃይሎች ካለ ኢንተርኔት ካፌ ሁለት ቀን ተመላልሼ አሥራ ሦስት ወር የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ አወረድኩ፤ ለብቻው አዲስ ከርነል ሠርቼ እሱ ውስጥ ጫንኩት። ስሙን ኮልፌ አልኩት። ኖትቡኩን በከፈትኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈልግ ይጠይቀኛል፣ ኮልፌን እመርጣለሁ፣ ይቀጥላል። ሦስት ጊዜ ቀን ነገረኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ውሃው በተባለው ቀን መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ እኛ ቤት እየመጣ መጠየቅ ጀመረ። እናቴ እንኳ ለሰው ስታስተዋውቀኝ አንገቷ ቀና ይል ነበር።

አንድ ቀን በሐምሌ፣ ጎረቤት ሰብሰብ ብሎ እያየ ሳለ በስህተት ቤዝን መረጥኩ። ቤዝ አሮጌዎቹ የጳጉሜ ቀኖች ላይ ሲደርስ እንዲህ ያለ ወር አላውቅም ብሎ ገጹን በቀይ ጽሑፍ ሞላው። የተሳቀው ሳቅ ዛሬም ትዝ ይለኛል። አፈርኩ። ሰው ሲወጣ ቁጭ ብዬ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ የማታውቀው ቀን ካጋጠመህ ዝም ብለህ እለፈው የምትል። ከዚያ በኋላ ቀይ ጽሑፍ አላየሁም። በሥራዬ ኮራሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ጳጉሜ ሲገባ ኮምፒውተሩን ካፌው ወስጄ ፕሮግራሙን አሻሻልኩት። አዲሱ መጠየቁን ተወ፤ ቁልፏን ስጫን ራሱ ከርነል ይመርጣል። ደስ አለኝ። አንድ ጣጣ ቀረልኝ አልኩ። ማንን እንደመረጠ ለማየት ዓይኔን ወደ ጥጉ ማንሳት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ አላነሳሁም።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች በዝናቡ እየተጠመቁ ሳለ ቧንቧውም መጣ። በርሜሉ ሁሉ ሞላ። በማግስቱ ቀኑን መዝግቤ ኖትቡኩን አስኬድኩት። ቀጣዩ ውሃ መስከረም ሦስት ነው አለኝ። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሰሙ ቅንድባቸውን ሰብስበው፣ ገና ትናንት መጥቶ በአምስት ቀኑ ተመልሶ የሚመጣው በምን ሒሳብ ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም ለዘመን መለወጫው ተብሎ ይሆናል አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ደብተራቸው ላይ እንደሌለ በትሕትና ነግረውኝ ገቡ፤ የራሳቸውን በርሜልም በክዳን ከደኑ።

እትዬ ጥሩነሽ ግን አላቅማሙም። በሌላ ዓመት ለበዓል ማግስት ሁለት በርሜል ሳይነኩ ያስቀምጣሉ። ያን ዓመት መስከረም ሦስት ይመጣል ስላልኳቸው የሰፈሩን ጋቢና ነጠላ ሁሉ ተቀበሉ፤ ወደ ማሽኑ ቤት የሄዱ ደንበኞች እንኳ ለበዓሉ ሲመለሱ እምቢ አላሉም። አንድ በርሜል ብቻ ቀራቸው። መስከረም ሁለት የመዘምራኑ ልብስ መጣ። በማግስቱ ረቡዕ ማለዳ ያቺን የመጨረሻ በርሜል በየሳፋው ገልብጠው፣ ሳሙናና በረኪናውን በጥብጠው፣ ሠላሳውን ልብስ ዘፈዘፉት። ጉባኤው ቅዳሜ ነበር። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ዓርብ መድረስ አለበት።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ቧንቧው የለም። አራት ሰዓት ሲሆን እትዬ ጥሩነሽ ከፍተውት አየር ብቻ ተነፈሰ። አምስት ሰዓት ላይ እናቴ እኔን ማየት ትታ መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር። ግቢያቸው ስገባ ሳፋዎቹ በአረፋ ተሞልተው ተደርድረዋል፤ የሳሙናው ሽታ ዓይን ይቆጠቁጣል። በረኪና የነካው ነጭ ልብስ ቶሎ ካልተለቀለቀ ይቃጠላል። እትዬ ጥሩነሽ በርጩማቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እጃቸው ሥራ ፈቶ አይቼው አላውቅም።

ወደ ቤት ሮጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጋሽ ወርቁ ሳልጠራቸው ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉና፣ አንተ የጻፍከውን አሳየኝ እንደሚል መምህር ከእኔ ገጽ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመሩ። እሳቸው ቀን ይጠራሉ፣ እኔ ስሌቱ ውስጥ የገባውን እፈልጋለሁ። ነሐሴ አሥራ አምስት። አለ። ነሐሴ ሃያ አራት። አለ። ጳጉሜ ሦስት።

የለም።

“የሩፋኤል ዕለት ውሃ አልመጣም ነው የሚለው?” አሉኝ።

ያለፈውን ዓመት ጳጉሜ ፈለግኩ፣ እሱም የለም። የሦስቱም ዓመት ጳጉሜ ከስሌቱ ወጥቷል። ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ ቀኝ ጥጉ ሄደ። ኮልፌ ማለት ሲገባው፣ ቤዝ ይላል። ኮምፒውተሩ ራሱ መርጦ የሰጠኝ ጳጉሜን የማያውቀውን ነው፤ የማያውቀው ደግሞ አላውቅም እንዳይል እኔው አፉን ዘግቼዋለሁ። ስለዚህ የሩፋኤልን ውሃ ዘሎ፣ ከነሐሴ ሃያ አራት ዘጠኝ ቀን ቆጥሮ፣ ጳጉሜንም ዘሎ መስከረም ሦስት ላይ ዱብ አለ። በትክክለኛው ከርነል ሳስኬደው መስከረም ሰባት አለ። እሑድ። ጉባኤው ከተጀመረ በኋላ።

ወደ እትዬ ጥሩነሽ ግቢ ስመለስ በመንገዴ ላይ የምናገረውን አሰናድቼ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው ልል ነበር። ውሸትም አይደለም። ፊታቸውን ሳይ ግን አልወጣኝም።

“ኮምፒውተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ” አልኳቸው። “የማያውቀውን ዝም ብሎ እንዲያልፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ።”

እትዬ ጥሩነሽ የሳፋውን አረፋ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ልብሱን አዩ። ቢቆጡ በተሻለኝ ነበር።

“ባያውቅ ምን ነበረበት” አሉ። “አላውቅም ቢለኝ እኮ ሁለት በርሜል አስቀምጥ ነበር።”

ይህችን ንግግር ስንት ዓመት ይዣት እንደኖርኩ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ማልቀስ አማረኝ፣ ጊዜ ግን አልነበረም። ጋሽ ወርቁ በርሜላቸውን ከፈቱ፤ ለአምስት ስድስት ልብስ ይበቃል። ሌላው ጎረቤት በእኔ ትንቢት የተነሳ እንደ እትዬ ጥሩነሽ በርሜሉን ጨርሷል። ቁልቁለቱን ወርጄ ሩት ቤት ሄድኩ። ሠላሳው ልብስ ሳሙና ውስጥ እንዳለ፣ ጥፋቱም የማን እንደሆነ ሳልሸራርፍ ነገርኳት። የመዘምራኑን መሪ ደውላ ጠየቀች፤ ረጅም ቁመት ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሥራውን ለማሽኑ ቤት እንሰጠዋለን ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የውሃው ፈረቃ ዛሬ እንደሆነ፣ እዚያ የሚኖሩ አራት ዘማሪዎች እንዳሉ ተናገሩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ባጃጅ ቢጫ ጀሪካን ጭኖ አቀበቱን ሲወጣ አየሁ። ከኋላ ዘማሪዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው በጭቃው እየተንሸራተቱ ይገፋሉ። እትዬ ጥሩነሽ ግቢ ገብተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሁሉም የራሱን ልብስ ፈልጎ ማለቅለቅ ያዘ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተፋፍሮ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ግን ሥራ ሲያዩ መቀመጥ አልቻሉም፤ ተነስተው በመካከላቸው እየዞሩ፣ ይሄ አጨማመቅ አይደለም፣ ልብሱ ምን አደረገህ፣ እያሉ ሲቆጡ ሳቅ ተጀመረ። መሪው ራሳቸው አንዱን ልብስ ጨምቀው ጨምቀው ሲሰጧቸው፣ እትዬ ጥሩነሽ ተቀብለው አንዴ ቢጠመዝዙት ሌላ ሙሉ ጣሳ ውሃ ወጣው። አንደኛዋ ልጅ ቀስ ብላ መዝሙር ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። እትዬ ጥሩነሽ አልዘመሩም፣ ግን ልብሱን በዜማው ነበር የሚያራግፉት። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ ነበር የተሠራው፤ ጾመኛውም ያልጾመውም ከአንድ ትሪ በላ።

ሁለት ልብስ እጅጌው ላይ ቢጫ አድርጎ ቀረ። ሌላው ነጭ ወጣ፣ በገመዱ ላይ ከግቢው እስከ ግቢው ተሰጣ፤ ሐሙስ ጸሐይ ወጣችልን። ዓርብ ሲረከቡ መሪው እትዬ ጥሩነሽን፣ “ይህ ልብስ ሲርስ ይህን ያህል እንደሚከብድ አናውቅም ነበር” አሏቸው። “ሌላ አጣቢ አንፈልግም።”

እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ ደስታ ይሁን ሐፍረት አልለየሁትም፤ ሁለቱም ነበሩ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቀን ያቺን ዝም አሰኚ መስመር አጠፋኋት፤ ቀዩ ጽሑፍ እንደፈለገ ይምጣ ብዬ። እትዬ ጥሩነሽ ቀን መጠየቃቸውን አልተዉም። ወሩ ሳያልቅ መጡ። ግን ከዚያ በፊት የማይጠይቁትን አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ቀኑን ስነግራቸው ደጃፉን ሳይለቁ፣ “ማን ነው ያለው?” ይሉኛል። እኔም ዓይኔን ወደ ጥጉ አንስቼ ስሙን አነብላቸዋለሁ። ጮክ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ለእሳቸው ነው።

ይህን ሁሉ ለአዲሷ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ነገርኳት። ራሱ መምረጡ መጥፎ ነው ለማለት አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ በትክክል ይመርጣል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። የመረጠውን ማየት ግን የእኛ ሥራ ነው አልኳት። ከሰዓት በኋላ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አስግጋ ስሙን በለሆሳስ ስታነብ ሰማኋት፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ ጥሩነሽ ደወሉልኝ። ዛሬ ማጠቢያ ማሽን አላቸው፤ የመዘምራኑ ልብስ አሁንም በየወሩ እሳቸው ጋ ይመጣል፤ ውሃው ግን ዛሬም ፈረቃ ነው። ጋሽ ወርቁ አራተኛ ደብተራቸውን ጀምረዋል፤ ቀኑን በስልክ ይነግሩኛል፣ እኔ አስገባለሁ። እትዬ ጥሩነሽ ልብሱ መከመሩን፣ የቀረው አንድ በርሜል ብቻ መሆኑን ነግረውኝ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁ። አዲሱን ላፕቶፕ ከፍቼ አስኬድኩት። ማክሰኞ ነው አልኳቸው።

“ማን ነው ያለው?”

ወደ ጥጉ አየሁ። “ኮልፌ ነው ያለው፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ልገልብጠው” አሉ። ስልኩን አልዘጉትም ነበር፤ የመጨረሻው በርሜል ሳፋው ውስጥ ሲወርድ ሰማሁት።